የፊልሟን በቅሎ ለማየት ወደ አሸተን የተደረገው ዘመቻ

በዘመነ ተስፋ ፊልም፥ ፊልሙ ይወጣል በተባለ በሦስተኛው፥ ሳይወጣ በቀረም በሦስተኛው ዓመት፥ በወርኃ ጥቅምት፥ ውርጩ የላስታን ባቄላ ባጠቆረበት ሳምንት፥ ርእሰ በቅሎ አከራዮች፥ ኃያለ ኮርቻ፥ ሥዩመ ቴሌግራም የሆኑት ከፋለ በላሊበላ በግሩፓቸው ላይ ጸንተው ነበሩ። እርሳቸው እያልሁ የምጽፈው የዜና መዋዕል ወግ ስለ ሆነ ነው እንጂ፥ በዕድሜስ እኔ እበልጠዋለሁ።

ግሩፑም የተመሠረተው ሕዝቡ «የበቅሎዋ መጽሐፍ» ለሚለው ልቦለድ ክብር ነው፤ አንድ ልዑል የጉም አገር ጋኔኖችን ሊወጋ ሲዘምት፥ መንገዱን የምታውቀው ጉሜ የተባለች በቅሎው ብቻ የሆነችበት ነው፤ የምንጠብቀውም ፊልም ከዚሁ የሚሠራው ነው። መጽሐፉን ወደ ከተማችን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለከፋለ ያዋስሁትም እኔ ነኝ። አለቃ ሲመረጥ ግን እኔ ከስድስተኛ ያቋረጥሁ ነኝ ተባለና፥ ሰባተኛን ሁለት ጊዜ ለተማሩት ለእርሳቸው ሆነ፤ ለእኔ ጽሕፈቱ ተረፈኝ።

ከፋለም ቀድሞ ድንቡሼ ትባል የነበረችውን በቅሏቸውን ጉሜ ብለው ሰየሙ፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ፊልም የሚሠራላት ይህች ናት እያሉ ስለሚያውጁ፥ ፈረንጁ እርሷን ሲሻማ የእኔዋ በቅሎ ቦራ ቆማ ትውላለች።

ወእምዝ ክፉ ወሬ ከአዲስ አበባ ደረሰ፤ ፊልም ሠሪዎቹ በቅሎዋን ትተው ክንፍ ያለው ነጭ ፈረስ በኮምፒውተር ሠርተዋል የሚል። በቅሎ አከራዮቹም ፈረስ ከሆነ ጉሜ ወደ ድንቡሼነቷ፥ ከፋለም ወደ ኪራዩ ሰልፍ ጭራ ይመለሳሉ እያሉ ተሳለቁ። እኔም ሳቅሁ።

ያን ጊዜ ከፋለ እንዲህ የሚል አዋጅ ላኩ፦ «የሰማህ ላልሰማው አሰማ፥ ዳታ ያለህ ለሌለው አሳይ። ነገ የፊልሙ ማስታወቂያ ይለቀቃል። ከተማው ውስጥ ኔትወርኩ ጽሑፍ እንጂ ቪዲዮ አይስብምና አሸተን ተራራ መውጫው ላይ እንገናኝ። ፈረስ ከሆነ አለቅነቱን እለቃለሁ፥ በቅሎዬንም በድሮ ስሟ እጠራታለሁ። በቅሎ ከሆነች ግን፥ አንተ የሳቅኸው፥ ጥርስህን ቆጥሬዋለሁ።»

በማግስቱም ዘመቱ። በቀኛቸው ዘመን አስጎብኚው፥ ልዑሉ ቀጭንና ጠይም ካልሆነ ፊልሙን አላይም ያለው፤ በግራቸው ሰብሌ መስቀል ሻጯ፥ የመጽሐፉ ጠንቋይ የላስታ ጥልፍ ካልለበሰች እከሳለሁ ያለችው፤ ቀጥሎ ከሙጃ ለገበያ የመጣው መሐመድኑር፥ ጋኔኖቹ እንደ ፈለጉ ያውሩ፥ ልዑሉ ግን ወላሂ የኛን አማርኛ ካልተናገረ ልዑል አይደለም ባዩ፤ ቀጥሎም መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ፥ መጽሐፉን አውግዘው ሲያበቁ በቅሎዋስ እንዴት ሆነች ብለው የሚጠይቁት፤ በስተኋላ እኔ፥ የሁሉንም ጋቢ ተሸክሜ። ከፋለ ጉሜን እየሳቡ በፊት ሄዱ።

ከዳገቱም በደረሱ ጊዜ ከፋለ ስልካቸውን እንደ ጧፍ ከፍ አድርገው ኔትወርኩን ለመኑ፤ እርሱም ትንሽ ራራ። በስልኩ ላይ ክቧ ዞረች፥ ደግማም ዞረች፥ መሪጌታ አንድ መዝሙረ ዳዊት እስኪጨርሱ ዞረች፤ ከዚያ ተከፈተ።

ጉም ታየ። ሰይፍ ታየ። ልዑሉ ወፍራም ነበር፤ ዘመንም ፊቱን አዞረ። ጠንቋይዋ የቆዳ ሱሪ ታጥቃ ነበር፤ ሰብሌ ያለችውን በዜና መዋዕል ላይ መጻፍ አይገባም። ከጉሙም ውስጥ ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ ረጃጅም፥ የፈረስ ሊሆኑ ከቶ የማይችሉ። እልል ተባለ። ከፋለ ጥርሴን ሊያዩ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም አፌን ዘግቼ ነበር።

ነገር ግን እልልታው ሳያባራ፥ ልዑሉ ከኮርቻው ሳይነቃነቅ ጉሜን በገደሉ ቁልቁል ነዳት። ቁልቁል። በላስታ ሙሽራ እንኳ ቁልቁለት ሲደርስ ከበቅሎ ይወርዳል፤ ፈረንጁም ነግረነው ይወርዳል። ዘመን ከግሩፑ ሊወጣ ጣቱን አነሣ፤ እኔም በልቤ አለቅነቱ አበቃለት አልሁ።

ከፋለም ድንጋይ ላይ ቆመው አወጁ፦ «በቅሎዋ መጥታለች፤ ባለጌው የተቀመጠባት ነው። እርሱ ካልወረደ እኛ እንወርድላታለን። ፊልሙ የወጣ ቀን፥ እዚህ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ፥ ከወንበርህ ተነሥ፤ ሜዳ እስክትደርስ አትቀመጥ። መሪጌታ፥ እርስዎ በዕድሜዎ ይቀመጡ። ሌላው ተቀምጦ የቀረ እንደሆን ግን የእኔን ጉሜ ዳግመኛ አይጫናትም።»

ለልምምድም ማስታወቂያው እንደገና ተከፈተ፤ ሁሉም ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በቅሎዋ ከገደሉ አፍ ስትደርስ ቀድመው የተነሡት መሪጌታ ናቸው፤ ዘመንም ጣቱን መልሶ ተነሣ። እኔ ላለመነሣት ወስኜ ነበር፤ አለቅነቱንም፥ ቆማ የምትውለውን ቦራንም አስቤ። ግን ቁልቁለት ቁልቁለት ነው። ጉልበቴ ሳይጠይቀኝ ተነሣ።

ኃያለ ኮርቻ፥ ሥዩመ ቴሌግራም፥ በፈረስ ወሬ ያልተደናገጡ፥ ባለጌ ልዑልን በመነሣት የገሠጹ ከፋለ ሆይ፥ ስምዎ ከአሸተን እስከ ወገል ጤና ይጠራ፤ ልጓምዎ አይበጠስ፥ ዳታዎ አይለቅ፥ ፊልሙም ጉሜ በሕይወቷ ሳለች ይውጣ። መጽሐፌንም ይመልሱልኝ።