ለኦርኪዴ የተሳልኩት ስለት በማይክ ሲነገር

ዛሬ ምን እንደገጠመኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ገመናዬን ሰፈሩ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ሰማው!

ቀስ ብዬ ላውጋችሁ። የምጽፈው በአንድ ጣት ነው፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ፊደል ብስት እለፉኝ።

ገጼን የምትከታተሉ ኦርኪዴን ታውቋታላችሁ። ለአዲስ ገቢዎች ግን ላስተዋውቅ፤ ሚልቶኒዮፕሲስ የምትባል የአበባ ተክል ናት። ስሟን አጣርቼ ለመጥራት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከእኛ በላይ ያለውን ቤት ተከራይታ የነበረች ልጅ ስትለቅ፣ "ጋሼ፣ ይውሰዷት፤ እኔ ዘንድ መሞቷ ነው" ብላ ሰጠችኝ።

ሁለት ዓመት ሆናት።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ አበባ ምን አውቃለሁ? ስለ ውሃ ግን ጠይቁኝ! የቧንቧ ውሃ ስታፈሉ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር አይታችኋል አይደል? የዚችን ተክል ቀጭን ሥር የሚያቃጥለው እሱ ነው። እናም ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በባልዲ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ሽማግሌ ካያችሁ፣ እኔ ነኝ።

የቀጥታ ፀሐይ አትወድም፤ በስስ መጋረጃ እጋርድላታለሁ። ሙቀትም አትወድም፤ የአዲስ አበባ አየር ተስማምቷታል። ውሃ ከጠማት ግን አዲሱ ቅጠሏ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ተጨማዶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በርሜል ብትደፉባት ያ ቅጠል አይቃናም።

ቂም ትይዛለች!

እኔም ያንን ሽንሽን ላለማየት ብዬ ውሃ አበዛሁባት።

ጉዱ የጀመረው ከዚህ ነው።

ያለፈው ክረምት እንደወጣ ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ከመትከያዋ አውጥቼ ባያት ሥሯ በስብሷል፤ በጣቴ ስነካው እየተላጠ ይቀራል። የሞተውን በመቀስ ቆርጬ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሄጄ ለምኜ ባመጣሁት የዛፍ ቅርፊት ውስጥ እንደገና ተከልኳት። የቀራት ሁለት ቅጠል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ነገሩ ከአፌ አመለጠኝ። "ይችን ተክል ብታድንልኝ፣ የመጀመሪያ አበባዋን ይዤልህ እመጣለሁ" ብዬ ተሳልኩ።

አትሳቁ። ሰው ለመኪናው ይሳል የለም እንዴ?

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዘነበች ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በቅባት ታሻለች። ያን ሰሞን ጉልበቷ ይዟት ደረጃ መውረድ አቅቷት ነበር። የት እንዳረፈድኩ ጠየቀችኝ። "ስለት ተስዬ መጣሁ" አልኳት። እውነቴን ነው!

ጉልበቷን አየች። እኔን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እኔ ዝም አልኩ።

ሰባት ወር ዝም አልኩ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወጡ ውስጥ ምርጥ ምርጡ ሥጋ ወደ እኔ በኩል ይገፋ ጀመር። ዘነበች ላገኘችው ጎረቤት ሁሉ ባሌ ለጉልበቴ ተሳለልኝ እያለች አወራች። ሴቶቹ ባሎቻቸውን "ከጋሽ ታደሰ ተማሩ" ማለት ያዙ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ሰላም ገና ባል አላገባችም፤ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር እንደርስዎ ያለውን ይስጠኝ እያለች ትመርቀኛለች፤ ራሷንም እኔንም መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሥጋውን በላሁ።

ተክሏስ? ዳነች እንጂ!

መጀመሪያ አዲስ ቅጠል፣ ቀጥሎ ከቅጠሏ ሥር አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ አንዲት እንቡጥ። ፎቶዋን ፖስት ያደረግሁ ዕለት ላይክ ያደረጋችሁልኝን ሁሉ አልረሳችሁም። ባለፈው ሳምንት ፈነዳች። ነጭ፣ መሃሏ እንደ ወይን ጠጅ የቀላ፣ ደግሞ ፊት አላት! ስታዩዋት ታያችኋለች። ሽታዋ ለስለስ ያለ የጽጌረዳ ሽታ ነው። ሥራዬ ሻዬን ይዞ ፊት ለፊቷ መቀመጥ ብቻ ሆነ።

በዚሁ መሃል ዘነበችም ተሻላት። ደረጃው ገና ነው እንጂ ቤት ውስጥ ያለ ምርኩዝ ትንቀሳቀሳለች። "ስለትህ እየሠራ ነው፤ በንግሡ ዕለት አድርስ" አለችኝ። ምን ብዬ እንደተሳልኩ ስትጠይቀኝ፣ የመጀመሪያውን አበባ አልኳት።

ወደ ተክሏ ዞረች።

"ያችን አበባህን? ለኔ ጉልበት?"

ያን ጊዜስ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን አበባው የሚጠቀለልበት እርጥብ ጨርቅ ልትፈልግ ተነስታለች። በዚያ ጉልበቷ!

ዛሬ ንግሥ ነው። ጠዋት አበባዋን ቆረጥኳት። ይች አበባ ተክሏ ላይ ሳለች ሳምንታት ትቆያለች፤ ከተቆረጠች ግን ዕድሜ የላትም። አውቃለሁ። ቃል ደግሞ ቃል ነው። ዘነበች ራሷ ጠቅልላ ሰጠችኝና ወንበሯን ወደ በረንዳው አወጣች።

"ሲናገሩት ከዚሁ ሆኜ እሰማለሁ" አለችኝ።

በንግሥ ቀን ስለት ያስገባ ሰው ታሪኩ በማይክ ይነገራል። ድምፁም እኛ በረንዳ ድረስ ጥርት ብሎ ይመጣል። ይሄን እንዴት እንደረሳሁት አትጠይቁኝ!

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ልጅ አግኝታ ጃንጥላ ይዛለች። ከእሷ በፊት ያለው ሰውዬ ምንጣፍ ተሸክሟል። ፀሐዩ በረታ። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ባይ የኔዋ እንደራሰ ወረቀት ተጣጥፋለች።

ተራዬ ደረሰ። ማይክ የያዘው ወጣት ጎንበስ ብሎ፣ "አባባ፣ የተሳሉት ለምን ጉዳይ ነበር?" አለኝ።

እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ውሸት? ምላሴ እምቢ አለኝ። በጆሮው እውነቱን ነገርኩት። "ልጄ፣ በማይኩ ባትለው" ልለው ስል ቀና ብሏል።

"ምእመናን፣ አንድ አባት፣ ስመ ክርስትናቸው ገብረ ጊዮርጊስ፣ የቤት ውስጥ ተክላቸው ሥሯ በስብሶ ልትሞት ስትል ተስለው፣ ድናላቸው፣ የመጀመሪያ አበባዋን ይዘው መጥተዋል። እልል በሉላቸው።"

እልልታው!

ሕዝቡ እንዲያ ከልቡ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። የማላውቃቸው እናት አቅፈው ሳሙኝ። እኔ ግን አንገቴን ወደ ኮንዶሚኒየሙ አዞርኩ። በዚያ ርቀት በረንዳው አይለይም።

ለኔ ግን ተለየኝ።

የአሥር ደቂቃውን መንገድ አንድ ሰዓት ሄድኩት። ዳቦ ገዛሁ። የማላውቀውን ሰው ቆሜ ስለ ጤናው ጠየቅሁ። በመጨረሻ የምገባበት ቤት አንድ ብቻ ስለሆነ ገባሁ።

ደረጃው ላይ ሰላም አገኘችኝ። "ጋሼ፣ እንኳን ተክሏን እግዜር ማራት" አለች። ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት የለም። የገደለኝ እሱ ነው።

ዘነበች ጀርባዋን ሰጥታኝ በረንዳው ላይ ናት። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

"ሥሯ በስብሶ" አለች።

"አዎ።"

"ለኔ ጉልበትስ የተሳለው ማነው?"

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዝምታዬን፣ የበላሁትን ሥጋ፣ ነገ ነገ ማለቴን። አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ለሰው ስታወራ መኖሯን ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ የነገረቻቸውን ጎረቤቶች ስም እየጠራች ቆጠረችልኝ። ብዙ ናቸው።

ከዚያ፣ "ለተክል ስትሳል አበባ ሰጠህ" አለችኝ። "ለኔ ብትሳል ምን ትሰጣለህ?"

ዓይኔ ሳላዘው ወደ ተክሏ ሄደ። ለካ ከወዲያኛው ጎኗ ሌላ ዘንግ አውጥታለች! አራት እንቡጥ! ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ዘነበች ደግሞ እኔን ታያለች።

"እሷኑ እሰጣለሁ" አልኩ። "ከነመትከያዋ።"

ወንበሯን አዞረች። "ከነመትከያዋ?"

"ከነመትከያዋ። አንቺ ደረጃውን በእግርሽ ወርደሽ፣ አብረን እናደርሳታለን።"

አየችኝ፣ አየችኝ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "እንግዲያው ደህና አድርገህ ያዛት" አለችኝ፤ "እንደዛሬው ጠውልጋ ሕዝብ ፊት እንዳታሳፍረኝ።"

እናም ከእንግዲህ ጠዋትና ማታ ጉልበቷን በቅባት የማሸው እኔ ነኝ። ጀመርኩ እኮ! ዛሬ ከምሳ በኋላ አንዴ ካሸኋት፣ ግድግዳውን ይዛ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወርዳ ተመለሰች። ጎረቤት ወጥቶ አጨበጨበላት። እኔም ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ገብቼ እንቡጦቹን አየሁ። ገና ጥሬ ናቸው። ለመፈንዳት አንድ ወር ይፈልጋሉ።

እስኪ ኮመንት ላይ ሳታፍሩ ንገሩኝ ወዳጆቼ፦ ሰው ሚስቱ እንድትድንለት ከልቡ እየለመነ፣ "ግን አንድ ወር ብቻ ቆይተህ" ብሎ ቢጨምርበት፣ በጣም ትልቅ ኃጢአት ነው?