ጥገና ቤት ተኝቶ የሚያሸንፍ ማሽን

ጠጋኙ ካቻቪቴውን በሦስት ጣቱ ይዞ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያላላል። የፈታውን ጠረጴዛ ላይ በትኖ አይተወውም፤ ረጅሞቹን በአንድ የጠርሙስ ክዳን፣ አጫጭሮቹን በሌላ ያስቀምጣል። የጌም ማሽኑን ሽፋን ገለጥ ያደርግና ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በአመልካች ጣቱ ይዞ በለስላሳ ብሩሽ ይጠርገዋል፤ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር። የደረቀውን የሙቀት ቅባት ከዋናው ቺፕ ላይ በጨርቅ ጫፍ ያነሳል። በምትኩ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አዲስ ጠብታ ያኖራል። ከቅንጣት አትበልጥም፣ ከቅንጣት አታንስም።

ተንታኙ፦ አንድ ጊዜ እፍ ብትለው እኮ ይጸዳል።

ጠጋኙ፦ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ተንታኙ፦ እርጥበት ደግሞ ያቀዘቅዛል። የማሽኑ ችግር ምንድን ነው? ሙቀት። ሒሳቡ ቀላል ነው።

ጠጋኙ፦ እንደሱ ከሆነ ባልዲ ውስጥ ልንከረው?

ተንታኙ፦ [ትንሽ አስቦ] ለስንት ደቂቃ?

ተንታኙ የጠጋኙ እህት ባል ነው። በአንድ የመለዋወጫ መጋዘን አሥራ አራት ዓመት በኃላፊነት ሠርቷል፤ የትኛው ኩሽኔታ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። «ተንታኙ» የሚለውን ቅጽል ስም ያተረፈው ግን ከመጋዘኑ ውጭ ባለው ዕውቀቱ ነው። አስተያየት ያልሰጠበት ዜና የለም። ዛሬም ወንበር ከመሳቡ በፊት ስለሚታጠፉት አዳዲስ ስልኮች ተናግሮ ጨርሷል፤ የሚታጠፍ ነገር መጨረሻው መሰበር ነው ብሏል። የቴሌቪዥን ዋጋ በሦስት ወር ውስጥ ስለሚወድቅ የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው ብሏል። ይህንን ሲል ስድስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ፣ የጠጋኙ እህት ማለት ነው፣ እስከዛሬ መሃሉ ላይ አረንጓዴ መስመር የተጋደመበትን ቴሌቪዥን ታያለች።

ጠጋኙ እንዲህ ያለውን ወሬ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ማፍሰስ ለምዷል። ዛሬ ግን ተንታኙ ከደረት ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ በብሎን ክዳኖቹ መካከል ዘረጋው፤ እስክሪብቶም ጠየቀ። አለቃው ከምሳ በኋላ ለመንገድ ስለሚነሳ ከዚያ በፊት ፈርሞ መስጠት አለበት። ጠጋኙ አንገቱን አዘንብሎ የወረቀቱን አናት አነበበ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነበር።

ጠጋኙ፦ እህቴ ታውቃለች?

ተንታኙ፦ ማታ ስትደሰት ታውቃለች።

ጠጋኙ፦ በምን ልትኖሩ ነው?

ተንታኙ፦ [በጣቱ ወደ ማሽኑ እያመለከተ] በሱ።

ጠጋኙ ማሽኑን አየው። ሆዱ ተዘርግፎ፣ ማራገቢያው ተነቅሎ፣ ገመዱ ተንጠልጥሎ ተኝቷል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር አይመስልም። የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር፤ አርባ ደቂቃ ሲሠራ ይግልና ድርግም ይላል። ጠጋኙ ማራገቢያውን ለወጠ፣ ትንሽ ተሻለው፤ ቅባቱን ሲያድስ ደግሞ ይጨርስለታል ብሎ ተስፋ አድርጓል። ለተንታኙ ግን የዕቃው መሞቅ የሌላ ነገር ምልክት ነው። እንዲህ ሲል አስረዳው። ማሽኑ ጥገና ከገባበት ቀን ጀምሮ በስልኩ ይከታተለዋል። የኦንላይን እግር ኳስ ጨዋታው ላይ «የማይበገረው» የሚል ስም ነው ያለው፤ በስሙ የሚደረገው ጨዋታ ሁሉ ስልኩ ላይ ይጻፍለታል። ቤት እያለ ደረጃው አርባ ሺህኛ ገደማ ነበር። ጥገና ቤት ከገባ ወዲህ ዘጠና አራተኛ ደርሷል። መቶ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ሽልማት ወዳለው ውድድር ይጠራል።

ጠጋኙ፦ አንተ ሳትጫወት?

ተንታኙ፦ እኔ ምን በወጣኝ። አስተምሬዋለሁ፤ አሁን ራሱን ችሏል። ዜና አትከታተልም እንዴ? «ማሽኖች ከባለቤቶቻቸው መማር ጀመሩ» ይላል፤ ባለፈው ወር የወጣ ነው።

ጠጋኙ፦ ውስጡስ ምን ይላል?

ተንታኙ፦ ርዕሱ ከገባህ ውስጡን ምን ያደርግልሃል?

ጠጋኙ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለ፤ ርዕሱን ነካና ወደ ታች ወረደ። በጥሞና ነው የሚያነበው፤ የዕቃ መመሪያ እንኳ ሳይጨርስ ብሎን አይፈታም። ዜናው ስለ ልብስ ማጠቢያ ነበር። ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጥብ ከሆነ ማጠቢያው ይህንኑ ለምዶ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ማሞቅ ይጀምራል ይላል።

ጠጋኙ፦ የልብስ ማጠቢያ ነው እኮ።

ተንታኙ፦ መርሁ አንድ ነው። ሁለቱም ግድግዳ ላይ ይሰካሉ።

ጠጋኙ ስልኩን መለሰለት። እስክሪብቶው የደረሰኝ ጥራዙ ላይ በክር ታስሯል፤ ጥራዙ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ማሽኑን ገጣጥሜ ሳልጨርስ መሳቢያውን ብከፍት ብሎኖቹ ይደባለቃሉ አለው። እውነት አይደለም። ግን የእህቱ ሁለት ልጆች ዓይኑ ላይ መጥተውበታል፤ ጊዜ መግዛት ነበረበት። ማሽኑ እንዴት ያለ ጨዋታ እንደሚጫወት እስቲ ንገረኝ አለ። ተንታኙ ይህንን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

ተንታኙ፦ ሥርዓት ያለው ነው። ጠዋት አንድ፣ ምሳ ላይ አንድ፣ ማምሻውን አንድ። እሑድ ያርፋል።

ጠጋኙ፦ [ብሎን አንስቶ ሳያስገባ ቆመ] እሑድ ያርፋል?

ተንታኙ፦ ንክች አያደርግም። ያለፈው ማክሰኞም ቀኑን ሙሉ አልተጫወተም። ሳስበው አዲስ ስልት ሲያሰላስል የዋለ ይመስለኛል።

ጠጋኙ፦ ማክሰኞ እኔ ጥርስ ላስነቅል ሄጄ ነበር። ሱቁ ተዘግቶ ነው የዋለው።

ተንታኙ፦ አየህ፣ ጸጥታ ሲያገኝ ያስባል።

ጠጋኙ፦ ስማኝማ አማቼ፣ እኔ እኮ...

ተንታኙ፦ አታቋርጠኝ፤ ዋናው ገና ነው። ሁልጊዜ የሚያጠቃው በግራ ክንፍ ነው። የኔ ስልት ነው፤ ቁጭ ብዬ ያሳየሁት።

ጠጋኙ፦ ጆይስቲኩ ወደ ግራ ይስባል። ገና አልጠገንኩትም።

ተንታኙ፦ ነገርን ከነገር አታደባልቅ። እኔ የማወራህ ስለ እግር ኳስ ነው።

እዚህ ላይ ጠጋኙ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተገለጠለት። ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው ይሉታል፤ አንዴ ከገባው ግን አይወጣም። የሱ ደንብ ያልተፈተነ ዕቃ ከሱቅ አይወጣም የሚል ነው። ብረት ምጣድ ሠርቶ ቢሆን ጠብሶበት ይሰጥ ነበር። ይሄ ማሽን ሲሞቅ የሚጠፋ ስለሆነ፣ ካልሞቀ መዳኑ አይታወቅም። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ አብርቶ፣ ኢንተርኔቱም መሥራቱን ሊያይ ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አያይዞ፣ ውስጡ ያገኘውን የኳስ ጨዋታ ከፍቶ፣ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ አድርጎ ይጫወታል።

በቃል ሊነግረው ነበር። ግን የተንታኙን ጠባይ ያውቃል፤ የነገሩትን ሁሉ ለራሱ ማስረጃ ያደርገዋል። የቀሩትን ብሎኖች አጠበቀና ማሽኑን ከመፈተሻው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ቴሌቪዥኑ ከተንታኙ ጀርባ ነው። ተንታኙ ወደሱ አልዞረም፤ እሱ የሚያምነው ስልኩን ነው።

ተንታኙ፦ [ስልኩ ጢን ሲል] ጀመረ። «የማይበገረው ጨዋታ ገብቷል» ይላል። ገና እንደሰካኸው፣ ሰላም እንኳ ሳይለን።

ጠጋኙ፦ [ጆይስቲኩን ይዞ] ማን ነው የከፈተው?

ተንታኙ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ድምፅህን ቀንስ፣ ይረበሻል።

[ከጠጋኙ ጣቶች ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ስልኩ ጢን ይላል።]

ተንታኙ፦ አንድ ለዜሮ። በግራ።

ጠጋኙ፦ አሁን በቀኝ ቢያገባ ምን ትላለህ?

ተንታኙ፦ አያገባም። ጠባዩ አይደለም፤ ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

[ጠጋኙ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ጆይስቲኩን በኃይል ወደ ቀኝ ይገፋል። ስልኩ ጢን ይላል።]

ተንታኙ፦ በቀኝ። [በኩራት] እያደገ ነው።

ጠጋኙ፦ አሁን ደግሞ ኳሷን አውቆ በራሱ ጎል ቢከታትስ?

ተንታኙ፦ አማቼ፣ የማታውቀው ነገር ውስጥ...

[ስልኩ ጢን ይላል። ተንታኙ ያነባል። እንደገና ያነባል።]

ተንታኙ፦ በራሱ ላይ አገባ። አንተ እንዴት አወቅህ?

ጠጋኙ፦ እስቲ ዞር በል።

ተንታኙ ዞረ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ከዚያ ገመዱን ተከትሎ መጥቶ የጠጋኙን እጅ አየ። የአማቹ አውራ ጣቶች አሁንም እየሠሩ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍራል። ተንታኙ ግን ተንታኝ ነው።

ተንታኙ፦ በቃ፣ ማሽኑ አንተን መቆጣጠር ጀምሯል።

ጠጋኙ፦ እሺ። እኔ እጄን ላንሳ፤ ብቻውን ይጨርሰው። ካሸነፈ እስክሪብቶውን ከነጥራዙ እሰጥሃለሁ።

ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ተንታኙም ማሽኑ እንዳይጨናነቅ ብሎ አብሮት አፈገፈገ። የ«የማይበገረው» አሥራ አንድ ልጆች ሜዳው ላይ ወለም ዘለም ማለት ያዙ፤ አጥቂው ወገቡን ይዞ ቆመ። ተጋጣሚው አንድ አገባ። ተንታኙ ወጥመድ እየዘረጋለት ነው አለ። ሦስተኛው ሲገባ ስልኩን አገላብጦ አየ። አምስተኛው ሲገባ ማሽኑን «የማይበገረው!» ብሎ በስሙ ጠራው። ስምንተኛው ላይ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አነሳና ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ቀደደው።

ጠጋኙ አልሳቀበትም። ለእህቱም እንደማይነግር ቃል ገባለት፤ ሁለተኛ ዕቃ ለጥገና ስታመጣ ግን ስምህን ከውስጡ አውጥተህ አምጣ አለው። ተንታኙ ኮቱን ለበሰ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ተመለሰ። አንድ ያልገባው ነገር ነበር፤ ያልገባውን ደግሞ ሲጠይቅ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ተንታኙ፦ ለመሆኑ ያን ሁሉ ሰው እንዴት አሸነፍከው?

ጠጋኙ፦ የትኛውን ሰው?

ተንታኙ፦ የተጫወትክባቸውን ነዋ።

ጠጋኙ፦ ውስጡ ያሉ አሻንጉሊቶች አይደሉም እንዴ?

ተንታኙ፦ [ወንበሩን መልሶ እየሳበ] ኦንላይን ነው ስልህ ምን መሰለህ? በየቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። እናት አባት ያላቸው።

[ጠጋኙ ከጠረጴዛው መልሶ ያነሳውን ጆይስቲክ ትኩስ ብረት እንደያዘ ሰው ይለቀዋል።]

ጠጋኙ፦ ያ «እባክህ በቃኝ» እያለ ይጽፍ የነበረውስ?

ተንታኙ፦ ሰው ነው።

ጠጋኙ፦ የማሽኑ ማስጠንቀቂያ መስሎኝ... እሺን እየተጫንኩ አልፈው ነበር።

ተንታኙ፦ ከጎል በኋላ ተጫዋችህ እየሮጠ ሄዶ ፊታቸው ላይ የሚጨፍረውስ? እኔ ስልኬ ላይ ሳየው ማሽኑ እንዴት ባለጌ ወጣብኝ ስል ነበር።

ጠጋኙ፦ ጭፈራው ነው ማሽኑን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሞቀው። ለዚያ ብዬ እስከ መጨረሻው አስጨፍረው ነበር። አንዳንዴም ሁለት ጊዜ።

ተንታኙ ከዚህ በኋላ ምንም አልተነተነም። የአማቹን ትከሻ መታ መታ አደረገና እያፏጨ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ጠጋኙ ግን ብቻውን ሆኖ በጣቱ ይቆጥር ጀመር፤ በቀን ሦስት፣ ለሦስት ሳምንት፣ እሑዶቹና ጥርስ የነቀለበት ቀን ሲቀነሱ። ጣት አልበቃውም። ማሽኑ ድኗል፤ አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራም አይግልም። እሱን ግን እስከዛሬ ፊቱን ያግለዋል። ይህ ነገር ይጻፍ ሲባልም አልተቃወመም፤ መጨረሻው ላይ እነዚህ ቃላት ይግቡልኝ ብቻ ነው ያለው።

ጠጋኙ፦ ይህን የምታነቡ ሆይ፣ በነዚያ ሦስት ሳምንታት «የማይበገረው» በሚባል ሰው ዘጠኝ ለዜሮ ተሸንፋችሁ፣ በዚያ ላይ የተጨፈረባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ። የማራገቢያ ፍተሻ ነበር።