ዘካሪያስ «ቁም» የሚለውን ቃል በዋጃ ሠርግ እንዳገደ

በዘመነ ጄኔሬተር፣ መብራት በፈቃዱ መጥቶ በፈቃዱ በሚሄድበት ዘመን፣ ሰዓሬ ጸጥታ መኰንነ ገመድ ዘካሪያስ በቆቦ ምድር በኦርጋን ላይ ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ማሽላው ታጭዶ ሠርግ በበዛበት በወርኃ ጥር፣ ይህ ነገር ሆነ።

ይህ ዘካሪያስ ጣቱ ፈጣን፣ አንደበቱ ዘገምተኛ፣ ከሰው ፊት ሲቆም ጫማውን የሚያይ፣ ከመሣሪያ ፊት ሲቀመጥ ግን የሚያስፈራ ጐልማሳ ነበር። ከኋላውም የሚከተለው ሠራዊት ድምፅዋ ጐረቤት ቀበሌ የሚደርሰው ዘፋኟ ፍሬሰላም፣ ባጃጅንና ጄኔሬተርን አንድ አድርጎ የሚገዛው ኡበይድ፣ ደግሞም ምሳ የማይጠይቀው ከበሮ መቺ ነበር፤ እርሱም ሰው ሳይሆን ሳጥን ነው።

ኦርጋኑና የከበሮው ሳጥን ሚዲ በሚባል ገመድ ታስረው ይኖሩ ነበር። በዚያም ገመድ ውስጥ «በዚህ ፍጥነት ምታ» የሚል መልእክት ያለ ዕረፍት ይሄዳል፤ ከእርሱም ጋር «ተነሣ» እና «ቁም» የሚሉ ትእዛዞች ይሄዳሉ። ስለዚህ ዘካሪያስ ዘፈን ሊለውጥ ኦርጋኑን ባቆመ ቍጥር፣ «ቁም» የሚለው ቃል በገመዱ ሾልኮ ከበሮውንም ያቆመው ነበር።

በሮቢት በነበረው ሠርግ የሙሽሪት ወገን የጭፈራ ተራው ደርሶ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ላይ በዘለለ ጊዜ ከበሮው ቆመ፤ ሰዎቹም ዝምታ ላይ ወረዱ። ተራ የያዘን ወገን ከበሮ መንሳት ደግሞ በራያ ከገበታ እንደ ማስነሣት ነው። ሠራዊቱም መከረ። ኡበይድ ጥፋቱን በጄኔሬተሩ ላይ ጥሎ ካንዴላውን ለወጠ፤ ቢያቅተው ደግሞ ለወጠ። ፍሬሰላም የሰው ዓይን ነው ብላ ድምፅ ማጉያው ላይ ጠበል ረጨች፤ ማጉያውም ከዚያች ቀን ጀምሮ ያስላል።

ከዚህም በኋላ የዘካሪያስ ታላቅ ወንድም ፊሊሞን የዋጃዪቱን ለተ ብርሃንን ሊያገባ ሆነ። የእርሷም አጎት፣ እህል ነጋዴው ጋሽ ካሕሳይ፣ በሮቢት ዝምታ ላይ ከወረዱት አንዱ ነበሩና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የለተ ብርሃን ወገን ሁሉ ስማ። ያ የቆቦ ኦርጋን መሐል መንገድ ላይ እንደምትገተር በቅሎ ነው፤ ሮቢት ላይ አየር ላይ ጥሎን ቀርቷል። አሁንም የእኛ ሰው ሜዳ ላይ ሳለ ከበሮው ቢቆም ልጄን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ሙሽራውም ኦርጋኑን ያግባ።»

ፊሊሞንም ይህን ሰምቶ ምግብ አስጠላው። ዘካሪያስ ግን በገመዱ ከሚሄዱት ትእዛዞች የተፈቀደውን አሳልፋ ሌላውን የምታስቀር፣ ሳሙና የምታህል ማጣሪያ ከደሴ አስመጥቶ፣ በኦርጋኑና በከበሮው መካከል ተክሎ ጦርነቱን ጀመረ። መጀመሪያ በሩን ሁሉ ዘጋ፤ ከበሮውም ፍጥነቱን የሚነግረው አጥቶ፣ እርሱ ወደ አላማጣ ኦርጋኑ ወደ ወልዲያ የሚሄዱ መሰሉ። ቀጥሎ መግቢያውን በመውጫው ሰክቶ ደከመ። በመጨረሻ ለፍጥነት በሩን ከፈተ፣ «ተነሣ»ንና «ቁም»ን በውጭ አስቀረ፣ ከበሮውንም በገዛ ቁልፉ አስነሣው። ኦርጋኑ ሲፈጥን ፈጠነ፤ ኦርጋኑ ሲቆም ግን አልሰማም። ያን ጊዜ ዘካሪያስ ጫማውን እያየ አወጀ፦ «ፍጥነት ይግባ፤ ቁም አይግባ።» ኡበይድም መልሶ አወጀ፦ «እንግዲያው በከንቱ የጠፋውን የካንዴላዬን ስም አድሱልኝ።»

በሠርጉም ቀን የሙሽሪት ወገን ወጣ፣ ዘለለ፤ ፍሬሰላም ዘፈን ለወጠች፣ ኦርጋኑ ቆመ፣ ከበሮው ቀጠለ፣ ዝምታ ላይ የወረደ ሰው አልነበረም። ፊሊሞንም ጠጅ መጠጣት ጀመረ።

ነገር ግን ጋሽ ካሕሳይ ማይክራፎን ያዙ። ምክራቸው ከአያታቸው ግመል ተነሥቶ እስከ ማሽላ ዋጋ እንደሚደርስ የማያውቅ ዘመድ አልነበረም። ጸጥታ እንዲሆን እጃቸውን አነሡ፤ ዘካሪያስ ኦርጋኑን አቆመ፤ ከበሮው ግን አልቆመም። ወደ ሳጥኑ ሮጦ ጣቱን ከቁልፉ በላይ ዘረጋ፣ በዚያም ደረቀ፤ የሙሽሪት ወገን ገና ሜዳ ላይ ነበርና፣ ቁልፉን ቢጫን በጋሽ ካሕሳይ በራሳቸው አዋጅ መሠረት ወንድሙ ሚስት አይኖረውም ነበር።

በዚህ ጊዜ ለተ ብርሃን ከዙፋኗ ሆና እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ዘመዶቼ ሆይ፣ አጎቴ ቃላቸውን አያጥፉም። እኛ ሜዳ ላይ ሳለን ከበሮ አይቆምም፤ እንግዲህ ከሜዳ የሚወጣ ዘመድ እንዳላይ።»

ዘመዶቿም ታዘዙ። አንዱ ሲደክም ሌላው ገባ፤ ለቅሶ ካልሆነ ከወንበር የማይነሡ አክስቶች ሳይቀሩ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ካሕሳይ ማይክራፎኑን ይዘው ብዙ ከቆሙ በኋላ ለፍሬሰላም ሰጡ፤ ዱላ ተቀብለውም ዘለሉ፣ ማንም ያልጠበቀውን ያህል ከፍ ብለው። ያ ምክር እስከ ዛሬ አልተነገረም፤ ጐጆው ግን ጸንቷል።

ሌሎች ጀግኖች ሰፊ አገር ያዙ፣ ብዙ በር ሰበሩ። ዘካሪያስ ግን አንዲት ጠባብ በር በአንድ ቃል ላይ ዘግቶ ወንድሙን ዳረ፣ ሕዝቡንም ከግመሉ ታሪክ አዳነ። ስሙ በሙሽሮች ዘንድ ከፍ ከፍ ይበል፤ ንግግር አዘጋጅቶ በሚነሣ አጎት ሁሉ ፊት ከበሮው አይቁምበት።