የፈረሱ ጣቶች

ስለ ጥንት አጥንት ሲያወራ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ሚዛን ተፈሪ ኑና የባዮሎጂ መምህራችንን ደሳለኝን ተዋወቁት። ባጃጅ ውስጥ አጠገቡ ከተቀመጣችሁ፣ ጎረቤታችን አማን ከተማ ሳትደርሱ በወሬው ዓሣው እግር አውጥቶ የብስ ላይ ይወጣላችኋል።

ባለፈው ሳምንት አቶ ጴጥሮስ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጃቸውን ምሕረትን ከክፍሉ ሊያስወጡ መጡ። እኔ ጠብ ይነሳል ብዬ ተማሪዎቼን ትቼ ሮጥኩ።

«ልጄ ከዝንጀሮ መጣሽ እየተባለች አትማርም» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«ዛሬ የምንማረው ስለ ፈረስ ነው፤ ይግቡ» አለ ደሳለኝ። ጠረጴዛው ላይ፣ ተቆፍረው የተገኙ የጥንት ፈረሶችን እግር አስመስሎ በጀሶ ሠርቷል። «እስቲ ከጥንቱ ወደ አሁኑ ይደርድሩልኝ።»

አቶ ጴጥሮስ እምቢ ሊሉ ነበር፤ እጃቸው ግን ቀደማቸው። ባለ አራት ጣቱን አስቀመጡ፣ ባለ ሦስቱን አስከተሉ፣ ባለ አንድ ኮቴውን ዳር አደረጉና ፊታቸውን ቋጠሩ።

«መሃል ላይ የጎደለ አለ። ከሦስት ወደ አንድ እንዲህ ዘሎ አይሄድም።»

ደሳለኝ ሆን ብሎ የደበቀውን ከኪሱ አወጣ፦ መሃለኛው ጣት ወፍሮ ግራና ቀኙ ያሉት የኮሰሱበት እግር። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለእንደኔ ዓይነት የሒሳብ መምህር እንዲህ ተጨብጭቦ ያውቃል?

ምሕረት ደብተሯን ሰብስባ አባቷ አጠገብ ቆመች። «አባዬ፣ እንሂድ?»

«አንቺ ከፈለግሽ ሂጂ» አሉ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ። «መምህሩ ቀጥለው ጥርስ ያላት ወፍ ሊያሳዩን ነው።»