ጎመን በካፖርት ውስጥ

ሰው ከበሽታ ይልቅ ጎመን ይዞ መታየትን ይፈራል። ኧረ አይደለም በሉኝ! እስቲ እርስዎ እንግዳ ድንገት ሲመጣ የጎመኑን ድስት ወዴት ነው የሚያሸሹት?

እኔ አሰላ በአስተማሪነት የተመደብኩ ጊዜ ወንደላጤ ነበርኩ። ምሳዬም ጥብስ፣ እራቴም ጥብስ... ትልቅ ሰው መሆኔ ነዋ! ጥቂት ወራት እንዳለፈ ድዴ ይደማ ጀመር። የክሊኒኩ ድሬሰር አፌን አስከፍቶ አየና፣

«ጎመን ትበላለህ?» አለኝ።

«ምን በወጣኝ!»

«ሎሚስ?»

«ጉንፋን ሲይዘኝ...»

«በል፣ ቪታሚን አጥተሃል» ብሎ ገሠጸኝ።

ቪታሚን በምግብ ውስጥ ያለ ኢምንት ነገር ነው። ሰውነታችን አብዛኛውን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ያገኘዋል። እንደ ጨው ጥቂቱ ይበቃል፤ ሲጠፋ ግን ድድ ይደማል፣ ዓይንን ዳፍንት ይይዘዋል፣ የሕፃን እግር ይጎብጣል። ሰውም ከብትም ያለሱ አይሆንለትም። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ደግሞ እኔው ነኝ። አይ ጉድ!

ያን ሰሞን ታዲያ ኢተያ ሽማግሌ ልኬ፣ ላገባት የተመኘኋት የአልማዝ አባት ባላምባራስ ደምሴ ቅዳሜ አሰላ መጥተው መልስ ሊሰጡኝ ነበር። አልማዝን ካጣሁ ጥርሱ ምን ይሠራልኛል? ቅዳሜ በማለዳ፣ ሰው ሳያየኝ ብዬ፣ ከገበያ የገዛሁትን ጎመን ካፖርቴ ውስጥ ወሽቄ ልሮጥ ስል ባላምባራስ ከነባለቤታቸው ከጋሪ ሲወርዱ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እጅ ልነሣ ጎንበስ ከማለቴ ጎመኑ እግራቸው ሥር ዝርግፍ!

«ይኼ ምንድነው?»

«ቪ... ቪታሚን ነው፣ ባላምባራስ።»

«ጎመን ነው እንጂ! መንግሥት ደመወዝ አይሰጥህም? ልጄን ጎመን ልታበላት ኖሯል!»

ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ጋሪው ሊመለሱ ዞር ሲሉ አፋቸውን የጠረጉበትን መሐረብ አየሁት፤ ደም ነክቶታል።

«ባላምባራስ፣ ድድዎ ይደማል እንዴ?» አልኩ፣ ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድፍረት።

«ጮማ እየቆረጥኩ ምን ጎድሎብኝ!»

ይሄኔ ባለቤታቸው አላስቻላቸውም።

«ኧረ ይተዉ! ሦስት ጥርስ ወልቆብዎት የለም እንዴ? እኔና አልማዝ እርስዎን ተደብቀን ጓዳ ውስጥ ስንት ዘመን ጎመን በላን! እስቲ የእኔን ጥርስ ይዩት!»

ባላምባራስ የሚስታቸውን ጥርስ አዩ፤ ጎመኑን አዩ፤ በገዛ ቤታቸው ሲሸወዱ እንደኖሩ ገባቸው መሰለኝ ጋሪውን ትተው ወደ እኔ ተመለሱ።

«በል እሺ፣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። ወዲያው ግን ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣

«አደራህን፣ ለሰርጉ ቀን ቪታሚንህን ቤትህ ትተኸው ና!»