ብርድ የማይገባበት ቤት

እኛ ደብረ ታቦሮች ሌባን ብርድን የምንፈራውን ያህል አንፈራም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለማ መስኮቱ ይዘጋል፣ የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል። ጠያቂው ግን የሚያስለውም የሚያስነጥሰውም ዘው ይላል። ሰው ብርድ ነው እንዴ? እናንተም ቤት ነገሩ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ዝም ብላችሁ ነው እንጂ።

ለልጄ ለማርያማዊት ክርስትና አክስቴ እቴቴ ጥሩ ከአንበሳሜ መጡ። ጉንፋን ይዟቸዋል። ልጅቱን ተቀብለው ጉንጯን፣ እጇን፣ አፍንጫዋን ሳይቀር ሳሟት። ባለቤቴ ዓለሚቱ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ያሳደጉኝን ሴት አይሳሙ የምልበት አንጀት ከየት ይምጣ?

ሳምንት ሳይሞላ ልጅቱ ጡት እምቢ አለች። ትንፋሿ ተጣደፈ፤ አየር በሳበች ቁጥር ከጎን አጥንቷ ሥር ስርጉድ ይላል። እቴቴ ብርድ ነው ብለው ጋቢ ደረቡባት። ዓለሚቱ ጋቢውን ገፍፋ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። ባጃጁ ዳገቱን ሲያቃስት የሚሰማኝ የልጄ ትንፋሽ ብቻ ነበር። አንዳንዴ ይቆማል። ያን ጊዜ የእኔም ይቆማል።

ሆስፒታል እንደደረስን ነርሷ ኦክስጅን አደረገችላት። ጠንካራ መርፌ እንድትወጋት ለመንኳት። ቫይረስ ነው፣ ያልከው መርፌ አይነካውም አለችኝ፤ ለትልቅ ሰው ተራ ጉንፋን የሆነው የሕፃንን ቀጭን የአየር ቧንቧ አሳብጦ ይዘጋል፤ አየር እየሰጡ መጠበቅ ነው። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እቴቴ ከበሩ ቆመው ነርሷን፣ "ከማን ያዛት?" አሉ።

"ጉንፋን ያለበት ሰው ሲስማት ይሆናል፣ እማማ።"

እቴቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ልጅቱ ድና እስክንወጣ ድረስ ከበሩ አልፈው አልገቡም።

ቤት ስንገባ ጎረቤት እንኳን እግዜር ማራት ሊል ጎረፈ። እቴቴ በርጩማ ስበው በሩ ላይ ተሰየሙ። የሚያስለው ሁሉ ተመለሰ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው መጥተው አንዴ ቢያስነጥሳቸው፣ ከዚያው ሆነው ይባርኩ ተባሉ። ባረኩ፤ ምን ያድርጉ።

ከበር የተመለሰው ጠያቂ ታዲያ ልጅቱን ቢያጣ አባቷን እያገላበጠ ሳመ። እኔም በማግስቱ አስነጠሰኝ። እቴቴ ከበርጩማቸው ሳይነቃነቁ በእጃቸው መለሱኝ።

"ኧረ እቴቴ፣ ልጄን መሳም አማረኝ።"

ጉንፋናቸው ከለቀቃቸው ሰንብቷል፤ ጣቷን እንኳ ግን አልነኩም። ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"እኔንስ አላማረኝም?" አሉ።