የእትዬ ቀመሪያ «አምጪ እስቲ»

ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ የጎረቤቴ የእትዬ ቀመሪያ ልጅ አብዶ ነው። እናቱ እሱን ልከው ካውያዬን የሚያስወስዱት በማለዳ ስለሆነ፣ ምንም ሳልጠይቀው ገመዱን ጠቅልዬ አቀበልኩት። ተቀበለኝ፤ ግን አልሄደም።

«እትዬ ጸዲ፣ እናቴ ሌሊቱን አኼራ ሄደች» አለኝ።

እሱ ካውያውን ይዞ፣ እኔ በሩን ይዤ ቆምን።

በየሰፈሩ ሰው ሲሠራ አይቶ እጁን መሰብሰብ የማይችል አንድ ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ነዋሪ ያልገባበት መሆን አለበት። ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላዋውን፣ ሚስማር ስትመቱ መዶሻውን ከእጃችሁ ይወስዳል። በላፍቶ ኮንዶሚኒየም፣ በእኛ ሕንፃ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ያለ ምርጫና ያለ ደመወዝ የተሸከሙት ክብርት እትዬ ቀመሪያ ነበሩ። ሥልጣናቸውን የሚያውጁት «አምጪ እስቲ» በሚል ቃል ነው። ለወንድ ሲሆን «አምጣ እስቲ»።

ከፉሪ ፍራሽ ጭነን ስንመጣ የታክሲው ረዳት ገመድ ሲያስር አይተው «አምጣ እስቲ» አሉት። ፍራሹ ቤት ሲደርስ ቋጠሮውን የሚፈታ ጠፍቶ ገመዱ በቢላዋ ተቆረጠ። ጤና ጣቢያ መርፌ ልትወጋቸው የቀረበችውን ነርስም «አምጪ እስቲ» እንዳሏት ልጃቸው ሪሐና ነግራኛለች።

«ሰጠቻቸው?» አልኳት።

«ጥጡን ሰጥታት ተገላገለች።»

ሪሐና ስታረግዝ እትዬ ቀመሪያ ለሚወለደው ልጅ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ሊሠሩ ተነሡ። ሥዕሉ ወረቀት ላይ ይሠመራል፣ ቁርጥራጩ በመስመሩ ላይ ከወረቀቱ ጋር ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ተቀድዶ ይወጣል። የተማሩት ከስልክ ቪዲዮ ነው፤ ተማሩ ከተባለ። የቪዲዮዋን ሴት ሲያርሙ ነው የዋሉት። «ይቺ ልጅ መቀስ የምትይዘው እንደ ማንኪያ ነው። አምጪ እስቲ» ብለው ስልኩን ከሪሐና እጅ ወሰዱት። ቀጥለው እኔን ጠሩኝ። «ሪሐና የጸዲም እጅ ይኑርበት ብላለች» አሉ። ሪሐና በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳዋን እኔ ጋ ነበር የምትበላው።

መጀመር ለምትፈልጉ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። ወረቀቱ ስስ ይሁን። ጋዜጣ ቀለም ይለቃል፣ የደብተር ሽፋን አይቀደድም። እሳቸው የመረጡት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ታጣፊ ወረቀት ነው፤ በዚህ ሰበብ የሕንፃው ሰው በሽታ ሁሉ እሳቸው ቤት ተሰበሰበ። «የመኩሪያ ጨጓራ ጥሩ ነው፣ እሺ ብሎ ይቀደዳል» ይሉኛል። «ያንቺ ደም ግፊት ግን ወፍራም ነው።»

ጨርቁን ከቦታው አስፍታችሁ ቁረጡ። እኔ ልክ ልኩን ስቆርጥ «ለማን ነው የምትቆጥቢው?» ተብያለሁ። መስመሩ ወደ እናንተ፣ ጨርቁ ከወረቀቱ ሥር ይሁን። ሳትሰፉ በፊት ወደ መስኮት አንሡና ብርሃን ላይ እዩት፤ ጨርቁ መስመሩን አልፎ ካልታየ አትጀምሩ። የስፌት መኪናውን ደቃቅ ስፌት ላይ አድርጉት፤ መርፌው አቀራርቦ ካልበሳው ወረቀቱ በኋላ ይታገላችኋል። አንድ ቁራጭ ሰፍታችሁ በገለበጣችሁ ቁጥር ተኩሱ። ካውያዬ ኑሮውን እሳቸው ቤት ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞ የጎኑ ቁራጭ ሳይሰፋ ወረቀቱን እንዳትቀድዱት፣ ጨርቁ ይለጠጣል። «ጎረቤቱ ሳይይዘው አይለቀቅም» ነበር አባባላቸው።

ያላስተማሩኝ አንድ ነገር አለ፤ እሳቸውም አላወቁትም። ሥዕሉ የሚወጣው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው። የራሳችንን ሕንፃ ሠርተው ለዘበኛው ለአባይነህ አሳዩት።

«እትዬ ቀመሪያ፣ ደረጃው በዚህ በኩል ነው እንዴ?»

«ከኋላ ሲታይ ነው።»

«ከኋላ ደረጃ የለውም እኮ።»

«አንተ መቼ ከኋላ ዞረህ ጠብቀህ ታውቃለህ?»

አባይነህ ወደ በሩ ተመለሰ።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። አንድ ቁራጭ በጀመርኩ ቁጥር «አምጪ እስቲ» ይመጣል። ብርድ ልብሱ አደገ፣ የእኔ እጅ ያረፈው ግን የተረፈ ክር መቁረጥ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን መቀሱን አልሰጥም አልኩ። «እትዬ፣ ሪሐና ምን ነበር ያለችው?»

እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ከተቱ። ጨርቁን ስቆርጥ ተነሡ፣ ተቀመጡ። ሲያቅታቸው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ስፊ። አላይሽም።» ካውያውን ሳነሣ «ውሃ ርጪበት» አሉ ለግድግዳው። እኔም የሕንፃችንን በር ሰፋሁ። ትንሽ ዘመም ብሏል። አገላብጠው አዩት፤ እጃቸው ወደ መቀሱ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ይሁን» አሉ።

በሰፈሩ ከእሳቸው «ይሁን» ያገኘ ሌላ ሰው አላውቅም። ለሳምንት ያህል ለሰው ሁሉ ሳወራው ሰነበትኩ።

የለቅሶው ቀን ልጆች ድንኳን ሲተክሉ ገመዱ እየላላ አስቸገረ። ቆመን አየናቸው። ሁላችንም የምንጠብቀው ድምፅ አንድ ነበር። አልመጣም፤ ድንኳኑም ዘሞ ዋለ።

አብዶ ካውያዬን ሲመልስ ብርድ ልብሱንም አብሮ አመጣልኝ። ሪሐና በዚህ ወር ትወልዳለች። እኔ ከሰፋሁት በር ጎን የሚገባውን መስኮት እትዬ ቀመሪያ አስፍተው ቆርጠው፣ ወረቀቱ ላይ በስፒል አስይዘው ትተውታል። እሱ ገና አልተሰፋም። ስለዚህ የእኔም ወረቀት አልተቀደደም።